የአሮጌ መኪና ካንዴላ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች አሮጌ የቤንዚን መኪና ካላቸው ጎረቤቶቼና ወዳጆቼ አፍ ለዓመታት ስሰማቸው የኖርኩ ናቸው። መልሶቹ በዋናነት የሚያወሩት በካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር በሚቀላቅለው ዕቃ) እና በዲስትሪቢዩተር ስለምትሠራው፣ 4ኬ የተባለ 1,290 ሲሲ ሞተር ስላላት ኮሮላ ነው፤ ብዙዎቻችን ዲኤክስ የምንላት ናት። ቮልስዋገንና ላዳ የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ ለብቻ አነሣቸዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለችውን አሮጌ መኪና በደንብ መያዝ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው። ካንዴላ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ፣ በገዛ ግቢው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሠራው ከሚችለው ሥራ ግንባር ቀደሙ ነው።

ካንዴላ ሥራው ምንድን ነው?

ስሙ እንደ ብዙዎቹ የጋራዥ ቃሎቻችን ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ማለት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑ የጨመቀውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚለኩሰው እሱ ነው። ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ሃያ ሺህ ቮልት ገደማ ያሳድገዋል፤ ዲስትሪቢዩተሩ ለየሲሊንደሩ በተራ ያድላል፤ ኤሌክትሪኩ በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰች ክፍተት ሲዘል ብልጭታ ይፈጠራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ጊዜ ብልጭ ይላል። ከአዳማ አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ያስቡት። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በመዳፍ የምትያዝ አንዲት የብረትና የሸክላ ቁራጭ ናት።

በየስንት ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል?

ተራው የመዳብና የኒኬል ካንዴላ ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሞተ ቆይቶ ከሆነ፣ የብዙዎቻችን ዕጣ ይኸው ነውና፣ በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ ማየት ይበቃል። ከዚያ በፊት የሚመጡ ምልክቶች አሉ፦ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ረጅም ጊዜ እየዞረ መኪናዋ አልነሣ ስትል፣ ሚኒሞ ላይ (ቆማ ነዳጅ ሳይሰጧት ስትሠራ) ስትንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጧት ስትንተፋተፍ፣ ቤንዚን ስታበዛ፣ ማርሚታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲሸት።

እነዚህ ምልክቶች ከታዩ በቃ አዲስ ካንዴላ ገዝቼ ልቀይር?

ቆይ! ከዚህ ሁሉ ጥያቄና መልስ አንዱን ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህንን ያንብቡ። የተበላሸ ካንዴላ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በሽታው አይደለም፤ የበሽታው ምስክር ነው። ቃሉን ሳይሰሙ አውጥተው ከጣሉት፣ አዲሱም በሁለት ወር ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል፤ እርስዎም «የዘንድሮ ካንዴላ አይረባም» እያሉ በየጊዜው ይገዛሉ።

ስለዚህ ሲፈቱ አራቱን በቅደም ተከተላቸው በጋዜጣ ላይ ይደርድሩ። ከፊት ለፊት፣ ከራዲያተሩ በኩል ያለው አንደኛ ነው፤ ወደ ኋላ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከእያንዳንዱ ሥር ቁጥሩን በእስክሪብቶ ይጻፉ። ሜካኒክዎ ፈትቶ ሁሉንም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሊጥላቸው ሲል በትሕትና ያስቁሙት። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ ሁሉንም የሚመለከት ነው፤ ካርቡሬተር፣ የአየር ማጣሪያ፣ የማቀጣጠያ ጊዜ አቆጣጠር። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ግን ችግሩ እዚያው ሲሊንደር ዘንድ ነው፤ ገመዱ፣ ቫልቩ ወይም የፒስተን ቀለበቱ።

ቀለሙን እንዴት ነው የማነበው?

በብርሃን ቦታ፣ በመካከለኛው ኤሌክትሮድ (ብልጭታው በሚነሣበት የብረት ዘንግ) ዙሪያ ያለውን የነጩን ሸክላ አፍንጫ ይመልከቱ። የጤነኛ ሞተር ካንዴላ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። ጠርዞቹ ሳይዶለዱሙ ደረቅ ከሆነ ሞተሩን አመስግነው ይለፉ።

ጥቁር ሆኖ ደረቅ፣ ጣት ላይ እንደ ድስት ቂጥ ጥቀርሻ የሚያሳድፍ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። የአየር ማጣሪያው ታፍኖ፣ ቾኩ (ጠዋት ለማስነሣት አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ቀርቶ ወይም ካርቡሬተሩ ሳይስተካከል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሆኖ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ዘይት ነው፤ በተለበሱ የፒስተን ቀለበቶች ወይም በቫልቭ ጎሚኒ በኩል ሾልኮ የገባ። ይህን ካንዴላ መቀየር አያድነውም። ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ የረጠበ ካንዴላ ያን ጊዜ ጨርሶ ብልጭ አላለም ማለት ነው፤ ገመዱን ይጠርጥሩ።

የሚያስፈራው ነጩ ነው። ሸክላው እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ኤሌክትሮዱ ቀልጦ ወይም ትናንሽ እንክብሎች ይዞ ከታየ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ቤንዚን አንሶታል፣ ከአየር መግቢያው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሥር አየር ሾልኮበታል ወይም እሳቱ ቀድሞ እየተለኮሰ ነው። በጥቁር ካንዴላ ወራት መንዳት ይቻላል፤ በነጭ ካንዴላ ግን የፒስተን ራስ ሊበሳ ይችላል። ነጭ ካዩ ረጅም መንገድ አይውጡ።

ሜካኒኩ «አዲስ አበባ ሁሉም ካንዴላ ይጠቁራል» አለኝ። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። አዲስ ሞዴል መኪና አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ለባሕር ዳርቻ አገር በተቦረቦረው ቀዳዳው ያንኑ ቤንዚን ያፈስሳል። አየሩ ስስ፣ ቤንዚኑ ያው፤ ውጤቱ ጥቀርሻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ውስጥ የሚውል የካርቡሬተር መኪና ካንዴላው ትንሽ ቢጠቁር አያስደነግጥም።

ነገር ግን ይህ ለሁሉም ጥቁር ካንዴላ ማመካኛ መሆን የለበትም። ካርቡሬተሩን ለከፍታው የሚያስተካክል ባለሙያ አለ፤ የቤንዚኑን ቀዳዳ ቁጥር ዝቅ አድርጎ ሚኒሞውን እንደገና ይሠራል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ለአዲስ አበባ በስስት የተስተካከለች መኪና ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ያንሳታል፤ ከሙቀቱ ጋር ተደምሮ ያ የሚያስፈራው ነጭ ካንዴላ ይመጣል። ወደ ቆላ ደጋግመው የሚጓዙ ከሆነ ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩት።

የትኛውን ቁጥር ልግዛ?

«የኮሮላ ካንዴላ ስጠኝ» ብሎ መግዛት አይበቃም፤ ኮሮላ ስሟ አንድ ይሁን እንጂ ሞተሯ ብዙ ነው። መመሪያ መጽሐፏ ካለ እሱን ይከተሉ። ከሌለ ቁጥሩን ማንበብ ይማሩ። ለ4ኬ ሞተር በብዛት የሚገጠመውን የኤንጂኬ (NGK) ፋብሪካውን ቢፒአር5ኢኤስ (BPR5ES) እንውሰድ። መጀመሪያ ያለው ቢ የጥርሱ (የሚጠመዘዘው ክፍል) ስፋት 14 ሚሊሜትር እንደሆነና በ21 ቁልፍ እንደሚፈታ ይነግረናል። ፒ አፍንጫው ወደ ውጭ ገፋ ያለ ነው፤ አር ውስጡ የሬዲዮን ጩኸት የሚቀንስ ሬዚስተር አለው ማለት ነው። 5 የሙቀት ደረጃው ነው። ኢ የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ኤስ ደግሞ ተራው የመዳብ ልብ ያለው መሆኑን ያመለክታል።

ከእነዚህ ሁሉ ፈጽሞ ሊሳሳቱበት የማይገባው የጥርሱ ርዝመት ነው። ለአጭር ጥርስ በተሠራ ቴስታታ (ካንዴላው በሚገባበት የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ረጅም ካንዴላ ቢያስገቡ ጫፉ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። በተቃራኒው ለረጅሙ አጭር ቢያስገቡ፣ ሳይሸፈን የቀረው የቴስታታ ጥርስ በካርቦን ይሞላና በኋላ ትክክለኛው ካንዴላ አልገባም ይላል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አሮጌውን የገጠመው ሰው ተሳስቶ ሊሆን እንደሚችል ግን አይርሱ።

ስለ ሙቀት ደረጃው የሰማሁት እርስ በርሱ ይጋጫል። የትኛው ነው ትልቁ?

የሚጋጨው ፋብሪካዎቹ ስለሚቃረኑ ነው። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽ ከፍ ሲል ሙቅ ይሆናል። የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16 እና ከቦሽ 8 ጋር ይቀራረባል፤ የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 እና ከቦሽ 7 ጋር። ሙቅና ቀዝቃዛ ስንል ብልጭታውን አይደለም፤ ካንዴላው የራሱን አፍንጫ ሙቀት ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት ነው። አፍንጫው ከ500 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ሲቆይ ጥቀርሻውን ራሱ አቃጥሎ ያጸዳል። ከዚያ በታች ይጠቁራል፤ በጣም ካለፈ ቤንዚኑን ብልጭታው ሳይመጣ ይለኩሰዋል።

ኢሪዲየም ልግጠምባት? ወንድሜ ከዱባይ ሊልክልኝ ነው።

ኢሪዲየም ጥሩ ነገር ነው፤ በዘመናዊ ሞተር ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚቆይ አለ። ነገር ግን ዘይት የምታቃጥል ወይም ካርቡሬተሯ ያልተስተካከለ አሮጌ መኪና ውድ ካንዴላንም ያጠቁራል፤ ረጅም ዕድሜው ትርጉም ያጣል። የእኔ ምክር፣ ወንድምዎ በዚያው ገንዘብ ሁለት ሙሉ ስብስብ ተራ ካንዴላ፣ አንድ ጥሩ የካንዴላ ገመድ እና አንድ የክፍተት መለኪያ ይላክልዎ። ሲያዝዙት የመኪናዋን ስም ብቻ አይንገሩት፤ የካንዴላውን ቁጥር ሙሉውን ጽፈው ይላኩለት። ሻንጣ ውስጥ ሲንገላታ የመጣ ካንዴላ ጫፉ ሊታጠፍ ስለሚችል ሳይለኩ አይግጠሙት።

አስመስሎ የተሠራውን ከእውነተኛው እንዴት እለያለሁ?

ሱማሌ ተራ ሄዶ አንድ ሱቅ ውስጥ በእጥፍ፣ በሚቀጥለው ደግሞ በግማሽ ዋጋ ያንኑ ስም የያዘ ካንዴላ ያላየ የመኪና ባለቤት የለም። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ የረከሰ ከሆነ ማሸጊያው የቱንም ያህል ቢያምር ይጠርጥሩ።

ካንዴላውን ከካርቶኑ አውጥተው በእጅዎ ይያዙት። በሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ፣ በጥፍር ሲፍቁት የማይለቅ መሆን አለበት። ከጥርሱ በላይ ያለችውን ሮንዴላ (የብረት ቀለበት) ያዙሩ፤ በእውነተኛው ላይ ትዞራለች እንጂ በቀላሉ ወልቃ አትወጣም። ከጎን ሲያዩት የላይኛው ቅንፍ (ጫፉ ላይ የታጠፈው ብረት) በመካከለኛው ኤሌክትሮድ ልክ አናት ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ጎን የተንሻፈፈ ከሆነ ሥራው የጥድፊያ ነው። አራቱንም ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ ጥሩ ፋብሪካ አራት የማይመሳሰሉ ወንድማማቾች አያወጣም።

ክፍተቱን መለካት የግድ ነው? «ከፋብሪካ የተስተካከለ ነው» ይላሉ።

ፋብሪካው የሚያስተካክለው ለብዙ ዓይነት ሞተር ስለሆነ ለእርስዎ መኪና ልክ ላይሆን ይችላል። ለ4ኬ 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። በድሮው የኮንታክት ዲስትሪቢዩተር ለሚሠራ ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6፣ ለቮልስዋገን ከ0.6 እስከ 0.7 ነው።

ብዙ ሜካኒኮቻችን በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ምላጭ ይለካሉ። እኔም ከአንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ያንኑ ተምሬ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። በኋላ መለኪያ ስገዛ የዚያ ምላጭ ውፍረት 0.65 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘሁት። ለቮልስዋገን ልክ ነው፤ ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ቮልስዋገን ሲሠራ የኖረ ነበርና አልተሳሳተም። ለኮሮላዬ ግን ጠበበ፤ ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጥ የነበረችው ለካ በእኔው ምላጭ ነው። መለኪያው ቅጠል በክፍተቱ ውስጥ ሲያልፍ በጣም ሳይጠብቅ፣ በቅቤ ውስጥ እንደሚያልፍ ቢላ ለስለስ ያለ መያዝ ሊሰማዎ ይገባል። ከሰፋ ቅንፉን በእንጨት ላይ ቀስ አድርገው መታ ያድርጉት፤ ከጠበበ ቅንፉን ብቻ ከፍ ያድርጉ። መካከለኛውን ኤሌክትሮድ እንደ ማንሻ መደገፊያ ከተጠቀሙበት ሸክላው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ በዓይን አይታይም።

አፈታቱስ?

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የኮሮላም የላዳም የቮልስዋገንም ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ትኩስ ሳለ ብረቱን ካንዴላ ሲፈቱት ጥርሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ማታ አቁመው ጠዋት ቢሠሩት ከሁሉ ይሻላል።

የገመዶቹን ተራ ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ላይም ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጥፉ። ሲነቅሉ ገመዱን ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ ይዘው፣ ትንሽ ጠምዘዝ እያደረጉ ይሳቡ። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ በካንዴላው ዙሪያ የተጠራቀመውን አቧራ። የእኛ መንገድ አቧራ ደግሞ ተራ አቧራ አይደለም፤ አሸዋ ነው። ካንዴላው ሲወጣ እሱ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። በጎማ መንፊያ ወይም በቀጭን ቱቦ በአፍዎ እፍ ይበሉበት፤ ዓይንዎን ይጠብቁ። ካንዴላውን ሩብ ዙር ብቻ ያላሉትና እንደገና ይንፉ፤ ቀጥሎ ይፍቱት።

ውስጡ ላስቲክ ያለው የካንዴላ ቡሶላ (ቱቦ መሳይ ቁልፍ) ይጠቀሙ፤ ሸክላውን ይይዝልዎታል። ቁልፉ ዘንበል ካለ ሸክላው ቀጭ ይላል። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ፣ አዲስም ቢሆን፣ አይግጠሙ።

አልፈታም ቢለኝስ?

ጉልበት አይጨምሩ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ሥሩ ላይ ያንጠባጥቡና ሌሊቱን ይተዉት። ጠዋት ጥቂት ወደ መፍታት፣ ጥቂት ወደ ማጥበቅ እያመላለሱ ያለማምዱት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተፈትቶ እንደገና ከጠነከረ ጥርሱ ውስጥ ካርቦን አለ ማለት ነው፤ ዘይት ጨምረው መልሰው ያጥብቁት፣ እንደገና ይሞክሩ። ትዕግሥትዎ ካለቀ ሥራውን ለነገ ያሳድሩት፤ የተሰበረ ካንዴላ ቴስታታ ያስወርዳል።

ስገጥም ምን ያህል ላጥብቅ?

በመጀመሪያ በእጅ፤ ሁልጊዜ በእጅ። ይህን የምለው ስለተጎዳሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ውስጥ ወጣቱ ሠራተኛ ካንዴላውን በረጅም ቁልፍ ላይ ሰክቶ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በጉልበት ሲያስገባ ቆሜ አየሁ፤ ዝም አልኩ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ጥርሱ ተንጋዶ ነው የገባው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጣርማበርን ዳገት ስወጣ ከኮፈኑ ሥር ጥይት የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዋ በሦስት ሲሊንደር ብቻ መሥራት ጀመረች። ካንዴላው ከነጥርሱ ተፈናጥሮ በገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ የብረት ጥርስ ተገጠመለት። ዛሬም በዚያው ይሠራል፤ የወጣው ገንዘብ ግን የአሥር ዓመት ካንዴላ ይገዛ ነበር።

እንዲህ ያድርጉ። ሃያ ሳንቲሜትር ያህል የቤንዚን ጎማ ቱቦ ቆርጠው በካንዴላው አናት ላይ ይሰኩ። በቱቦው ይዘው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡትና መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ወደ መፍቻው አቅጣጫ በቀስታ ያዙሩት፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ «ጠቅ» ብሎ ዝቅ ሲል በጣትዎ ይሰማዎታል። ከዚያ ወደ ቀኝ። ተንጋዶ ከሆነ ቱቦው ራሱ እየተንሸራተተ ይዞራል እንጂ አያስገድደውም፤ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው በቱቦው ከገባ በኋላ ብቻ ቁልፍ ያንሡ። አዲስ ካንዴላ ሮንዴላው ቴስታታውን ከነካ በኋላ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። ተፈትቶ የሚመለስ አሮጌ ካንዴላ ሮንዴላው ስለተጨፈለቀ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ፣ የአንድ ዙር አሥራ ሁለተኛ ያህል ብቻ ይበቃል። አሮጌው ሮንዴላ ቀዳዳው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነም ይዩ፤ ሁለት ሮንዴላ አይደራረብም። ጥርሱን ግራሶ መቀባት አያስፈልግም፤ የተቀባ ጥርስ ሳይታወቅዎ ከልክ በላይ ይጠብቃል።

ገመዶቹን አምታታሁ። ምን ላድርግ?

የ4ኬም የላዳም ተራ 1-3-4-2 ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው ሮተሩ ወደየት እንደሚዞር ይዩ፤ ከአንደኛው ሲሊንደር ቀዳዳ ተነሥተው በዚያው አቅጣጫ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ ሁለተኛውን ይሰኩ። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ መኪናዋ በካርቡሬተሩ በኩል ልትተኩስ ስለምትችል ፊትዎን ከላይዋ ያርቁ።

የእኔ ቮልስዋገን ናት። ምን ይለያል?

ተራዋ 1-4-3-2 ነው፤ የካንዴላዋ ጥርስ አጭር፣ 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ ኤንጂኬ ቢ6ኤችኤስ ወይም ቦሽ ደብልዩ8ኤሲ ይገጠምላታል። አንደኛውና ሦስተኛው ወደ መኪናዋ ፊት ገባ ያሉ ስለሆኑ እጅ ያስቸግራሉ፤ እዚያ ነው ጥርስ የሚበላሸው፤ ቱቦዋን ይጠቀሙ። ከሁሉ በላይ ግን በገመዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ሰፊ ክብ ጎማ እንዳይጥሏት። ብዙዎች ጌጥ ትመስላቸዋለች። ቮልስዋገን ውኃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በሞተሩ ዙሪያ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ በሚነፍስ አየር ነው፤ ያቺ ጎማ ቀዳዳውን የምትደፍን ናት። አራቱ ከጎደሉ የማቀዝቀዣው አየር በዚያ ያመልጣል፤ ሞተሩም ይሞቃል።

አሮጌውን አጽድቼ ብመልሰውስ?

ጥቀርሻ ብቻ ከሆነና ኤሌክትሮዱ ካልተበላ ይቻላል። በቤንዚን ነክረው በጥርስ ብሩሽ ያጽዱት፤ በደንብ አድርቀው ክፍተቱን ይለኩ። በሽቦ ብሩሽ ሸክላውን አይፈግፍጉት፤ ብሩሹ በሸክላው ላይ የብረት ጭረት ይተዋል፤ ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን መዝለል ትቶ በዚያ ጭረት ላይ ይንሸራተታል። እሳት ላይ ማቃጠልም ሸክላውን ይሰነጥቃል። የተጸዳውን ለመጠባበቂያ በጓንት ሣጥን ውስጥ ቢያኖሩት ይመረጣል።

የሞተው አንዱ ብቻ ነው። እሱን ብቻ ልቀይር?

መንገድ ላይ ከሆኑ አዎ። ቤት ሲደርሱ ግን አራቱንም ይቀይሩ፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው።

ናፍጣ መኪናስ ካንዴላ አለው?

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ብልጭታ የለም፤ ናፍጣው የሚለኮሰው በተጨመቀው አየር ሙቀት ነው። ሜካኒኮች በናፍጣ ላይም ካንዴላ የሚሉት አለ፤ እሱ ግን ጠዋት ሲሊንደሩን የሚያሞቅ ሌላ ዕቃ ነው፤ እዚህ የተባለው አይመለከተውም።

ሁሉንም በትክክል ቀየርኩ፤ መኪናዋ ግን አሁንም በሦስት ትሠራለች።

የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ይፈልጉ። ሞተሩን ያጥፉ፤ የአንዱን ገመድ ነቅለው በትርፍ ካንዴላ ላይ ይሰኩ፤ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክተው ከቤንዚን ራቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡ። አሁን ያስነሡና እጅዎን ሳያስጠጉ ያዳምጡ። ድምፁ ከቀድሞው ከባሰ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ አጥፍተው ይመልሱለትና ወደ ሚቀጥለው ይሂዱ። ምንም ለውጥ ያላመጣው እሱ ነው የሞተው። በዚያው ሙከራ ውጭ ያለውን ካንዴላ ይዩት፤ ሰማያዊ፣ ጠንካራ ብልጭታ ካለ ኤሌክትሪኩ እየደረሰ ነው፤ ከሌለ ወይም ቢጫና ደካማ ከሆነ ገመዱ ነው ጥፋተኛው።

ገመድ ሲያረጅ የሚያጋልጠው ጨለማ ነው። ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ ሞተሩን አስነሥተው ኮፈኑን ይክፈቱ። ጎማው የተሰነጠቀ ገመድ በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ክር እየመሰለ ወደ ብረቱ ሲፈስ ያዩታል፤ «ጢስ ጢስ» የሚል ድምፅም አለው። አየሩ በረጠበበት የክረምት ጠዋት አልነሣ ብላ ከሰዓት የምትነሣ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሯ ይኸው ነው። ገመዱ ደኅና ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ገልብጠው ውስጡን በብርሃን ይመልከቱ፤ ፀጉር የመሰለ ጥቁር ስንጥቅ ካለ ክዳኑን ይቀይሩ። ኤሌክትሪኩ እየደረሰ ሲሊንደሩ ዝም ካለ ግን የቫልቭ ወይም የፒስተን ቀለበት ነገር ነውና፣ በጋዜጣ ላይ ደርድረው ያስቀመጧቸውን አራት ካንዴላዎች ከነቁጥራቸው ይዘው ወደ ሜካኒክዎ ይሂዱ፤ የጨመቃ ግፊቱን ይለካልዎ።